ስድስት ወር እንዳያልፍባችሁ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል በነርስነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሠራተኛ ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ደግሞ ጸሐፊው ነኝ። ባለፈው የካቲት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን፣ ምን አገኘን፣ ምንስ ይጠብቀናል ስንባባል ዋልን። ሪፖርቱን የማዘጋጀት ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ያጣናቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ስጽፍ አንድ ነገር ከነከነኝ። አብዛኞቹን ማንም አልነጠቀንም። ቀኑ አልፎብን ነው።

ይህን የምጽፈው በግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ለምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ ነው። ማኅበር ልትመሠርቱ እያሰባችሁ ከሆነ፣ እኛ የወደቅንበትን ጉድጓድ ዞር ብላችሁ እለፉት።

ነገሩ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. በዱቲ፣ ማለትም በተረኝነት ሥራ፣ ክፍያ ነው። ያኔ ሌሊት ለሚያድር ሁሉ አንድ ዓይነት ቁርጥ ገንዘብ ይሰጠን ነበር። ሰው ጎድሎ ድርብ ብንሠራም ያው ነው፣ በዓል ቢሆንም ያው ነው። ስንት ሰዓት ሠራችሁ የሚል የለም። አንድ ጠዋት ዱቲ አስረክቤ ስወጣ፣ የላቦራቶሪው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በስልኩ ሲደምር አገኘሁት።

«ሲስተር፣ አዋጁን አንብበሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላውቅም። አምስት ዓመት ስሠራ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም ነበር። የመድኃኒት መጠን ሳላጣራ የማልሰጥ ሰው፣ የራሴን ደመወዝ ግን በተሰጠኝ ልክ ተቀብዬ ወደ ቤቴ።

ለስሌት እንዲመች ደመወዙ 8,320 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ማለትም ለ208 ብናካፍለው የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 40 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 60 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75 ይባዛል፤ 70 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ይባዛል። የገና ሌሊት ድርብ ዱቲ የገባ ሰው ይህን ሲያሰላ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ እተወዋለሁ።

ስድስት ሆነን ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባን። በደንብ ተቀበለን፣ ቡና አዘዘልን፣ አዳመጠን። «ልክ ናችሁ፤ የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ አስተካክለን እንከፍላለን» አለ። ደስ ብሎን ወጣን። የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተታችን ይህ ነበር። ምንም አላስጻፍንም። ሂሳቡ ተዘጋ፣ አልተከፈለም። «ኦዲት እስኪያልቅ» ተባልን። ኦዲቱም አለቀ። ይሉኝታ ይዞን፣ ሰውየውም ጨዋ ስለነበረ፣ ዝም ብለን ጠበቅን።

ለካስ ሕጉ ሰዓት አለው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ያለው ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው። ቡና እየጠጡ የሚሰጥ ተስፋ ይህን ሰዓት አያቆመውም። የሚያቆመው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው «አዎ፣ ይህ ዕዳ አለብኝ» ብሎ በግልጽ ማመኑ ነው። ያንንም በወረቀት ካልያዛችሁት ማን ያምናችኋል? ስለዚህ እሺ ስትባሉ አመስግኑና «እባክዎ ይህችን በደብዳቤ ይስጡን» በሉ። ቅር ካላቸው፣ ቀድሞውንም እሺ አላሉም ማለት ነው።

ጥያቄያችንን በደንቡ ስናቀርብ የ14 ወር ሂሳብ ይዘን ነበር። በመጨረሻ የተከፈለን የስድስት ወሩ ነው። ስምንቱን ወር ይርጋ በላው። የላቦራቶሪው ልጅ እስከ ዛሬ ሲያናድደኝ ሲፈልግ «ሲስተር፣ ቡናው ስንት ብር ነበር?» ይለኛል።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። ሕጉ 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር መመሥረት ይቻላል ይላል፤ አባላቱም ከ10 ማነስ የለባቸውም። ቀላል ይመስላል። እኛ ግን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን 40 ሰው አስገባን። በሦስተኛው ቀን የጻፍነው ሁሉ ስክሪንሾት ተደርጎ ማኔጅመንቱ ስልክ ላይ ነበር። ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሁለት ልጆች ተጠርተው «ውላችሁ በዚህ ወር እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ አይደል?» ተባሉ። ግሩፑ በአንድ ሌሊት ባዶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በአካል መገናኘት ጀመርን። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ የአሳ ሾርባ እየጠጣን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላችን ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳደረገ ኃላፊ ቁልቁል ሲያዩን ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ አምስት ነበርን፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ 17። በ2015 መተዳደሪያ ደንብ አጽድቀን፣ ቃለ ጉባኤ ፈርመን፣ ለምዝገባ አስገባን።

እዚህም ተሳሳትን። ሊቀመንበር አድርገን የመረጥናት ሜትሮናችንን፣ የነርሶች ኃላፊዋን፣ ነበር። የማትፈራ፣ ሁላችንም የምንወዳት ሴት ናት። አሠሪው ወዲያው ተቃወመ። እሷ ሠራተኛ ትመድባለች፣ የዲሲፕሊን እርምጃ ታስወስዳለች፣ ስለዚህ የሥራ መሪ ናት አለ። አዋጁ ደግሞ የሥራ መሪን አይሸፍንም። ተከራከርን፣ ሁለት ወር አለፈ፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው መረጥን። እሷም ተከፋች፣ እኛም አፈርን። ከመምረጣችሁ በፊት የሰውዬውን የሥራ መዘርዝር አንብቡ። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት የሚል ነገር ካለበት፣ ምን ብትወዱት ለወንበሩ አታቅርቡት። ምክሩን ከውጭ ሆኖ ይስጣችሁ።

ስለ ትርፍ ሰዓት አንድ ነገር ረስቼ እንዳላልፍ። መጀመሪያ ባቀረብነው ዝርዝር የሌሊት ተራን ሁሉ ትርፍ ሰዓት ብለን ደምረነው ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው አየና መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። መሳቁ ቢያንገበግበኝም ልክ ነበር። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ የሚባለው ከዚያ የበለጠው ነው እንጂ ሌሊት ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ የተጋነነ መስመር ሌላውን እውነተኛ መስመር ሁሉ ያስጠረጥራል። እንደ አዲስ ለመሥራት የዋርዱን የርክክብ መዝገብ አወጣን። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ለማን አስረከበ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ርክክብ ላይ ሰዓቱን ጽፈን እንፈርማለን፣ ገጹንም በስልክ እናነሳለን። የታካሚ ስም ያለበትን ክፍል ሸፍናችሁ አንሱ፤ የሌላ ሰው ምስጢር የእናንተ ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

ማኅበሩ ሲመሠረት ነርሶች፣ ላቦራቶሪዎች፣ ፋርማሲዎችና ጥቂት ሐኪሞች ነበርን። ጽዳቶችን፣ ጥበቃዎችንና የካርድ ክፍል ሠራተኞችን አልጠራናቸውም። ማንም «አይግቡ» አላለም። በቃ ትዝ አላሉንም። «የጤና ባለሙያ ማኅበር» ስንል ራሳችንን ብቻ ነበር የምናየው።

በ2015 ክረምት፣ ሌሊት ዱቲ ላይ ሆኜ፣ ከጽዳት ክፍል አንዲት ትልቅ ሰው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። እትዬ እንላቸዋለን። «ልጄ፣ ይቺን ጣቴን እስቲ እያት» አሉኝ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ ላይ የተወጋች ትንሽ ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ቀላ ብሏል። ቀስ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ድንገተኛ ክፍል ሴፍቲ ቦክሱ፣ የመርፌ መጣያው ሳጥን፣ ሞልቶ ኖሮ፣ አንዱ የተጠቀመበትን መርፌ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጥሎታል። ከረጢቱን ሲያነሱ ስሱን ጓንት አልፎ ወጋቸው። በበረኪና ታጠቡት። ለማንም አልተናገሩም።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ትናንት አይደለም፣ ከትናንት ወዲያ ጠዋት።»

ሰዓቱን በጣቴ ቆጠርኩ። 60 አልፏል። ለኤችአይቪ ተጋላጭነት የሚሰጠው የመከላከያ መድኃኒት ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በመርፌ ሲሆን ከኤችአይቪ በብዙ እጥፍ ይተላለፋል፤ እሳቸው ክትባቱን አንድም ጊዜ አልወሰዱም። እኛ ጋ መድኃኒቱ አልነበረም። ጓደኛዬን ዋርዱን እንድትይዝልኝ ለምኜ፣ ባጃጅ ጠርቼ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። የውስጥ ለውስጡ መንገድ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ባጃጇ ስትንገጫገጭ፣ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እባክሽ ለአለቃዬ እንዳትነግሪብኝ።» ውላቸው በየሦስት ወሩ ነበር የሚታደሰው። ለስድስት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ። ተወጋሁ ቢሉ የማይታደስ መስሏቸዋል።

መድኃኒቱን 28 ቀን ወሰዱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ነጻ ሆነ፣ ተመስገን ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የግድግዳ ማስታወቂያው ላይ «72 ሰዓት» የሚለውን እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍኩት። የለጠፍኩት የነርሶች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጽዳቶችና ጥበቃዎች ይግቡ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አንዳንዶቹ አንገራገሩ። የእነሱ ጥያቄ ከእኛ ይለያል፣ ድርድሩን ያከብድብናል አሉ። እትዬን ጋብዤ ስለነበር ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። «ዕድር ውስጥ ባለደመወዝ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ፣ ድንኳኑን ማን ሊተክል ነው?» አሉና ተቀመጡ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። በአንድ ወር ውስጥ አባላታችን ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ማኔጅመንቱም ደብዳቤያችንን የሚመልስበት ፍጥነት ተለወጠ።

የኅብረት ስምምነቱን፣ ማኅበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ የሚዋዋሉትን ሰነድ፣ በኅዳር 2016 ፈረምን። ስለ ድርድሩ ውጣ ውረድ ብዙ አልልም፤ አሰልቺ ነው፣ ብዙ ሻይ ይጠጣበታል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እኛ ሥራ ማቆም አንችልም። ሆስፒታል፣ ክሊኒክና ፋርማሲ ሕጉ እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚላቸው ውስጥ ስለሆኑ የሥራ ማቆም መብት የላቸውም። አለመግባባቱ በአስማሚ፣ ካልሆነም የአሠሪና ሠራተኛን ክርክር በሚወስን ቦርድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእኛ ጉልበት ወረቀት ነው። ቃለ ጉባኤ፣ መዝገብ፣ ማህተም ያረፈበት ኮፒ። የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፤ ግን መቼ እንደደረሰው ማሳየት ካልቻላችሁ 10ሩ ቀን መቁጠር አይጀምርም። ደብዳቤ ስታስገቡ የገቢ ቁጥርና ቀን ኮፒያችሁ ላይ ካላስመታችሁ፣ አላስገባችሁም ማለት ነው።

በመንግሥት ሆስፒታል ያሉ ጓደኞቼ «እኛስ?» ይሉኛል። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው የሚተዳደሩት እንጂ በ1156 አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችንም የመደራጀት መብት ሲጠቅስ፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን ይላል። በግንቦት 2017 በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ከፊል የሥራ ማቆም ባደረጉ ጊዜ የታሰሩ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ በ10 ሰው ማኅበር መሥርቼ፣ ዞር ብዬ «እናንተስ ለምን አትደራጁም?» ብላቸው ነውር ነው።

የካቲት ላይ ወደተደረገው ጉባኤ እንመለስ። አቶቴ አካባቢ የዕድር አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ያገኘነውን ሳነብ ጭብጨባ ነበር። ትርፍ ሰዓት በፊርማ መዝገብ ይከፈላል። ማታ የሚወጣ ሰው ትራንስፖርት አለው። ሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ ሦስቱም ዙር፣ ከሐኪም እስከ ጽዳት ለሁሉም ይሰጣል። የተወጋ ሰው በማንኛውም ሰዓት የሚደውልበት ስልክ አለ፣ ቁጥሩም የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ተለጥፏል። በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል ቀርቷል፤ ሥራው ቋሚ ከሆነ ውሉም ቋሚ ነው።

ከዚያ ጭብጨባ የሌለበት ገጽ መጣ።

የደመወዝ ጭማሪው። በ2016 ስንፈርም በቁርጥ ብር ነው ያስቀመጥነው፣ ለሦስት ዓመት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የዘይቱንና የቤት ኪራዩን ነገር የምታውቁት ነው። ጭማሪያችን አንድ ዓመት ሳይሞላው ትርጉም አጣ። «ደመወዙ በየዓመቱ እንደገና ይታያል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናስገባ ኖሮ ወደ ጠረጴዛው መመለስ እንችል ነበር። አላስገባንም። ረቂቁን ሳነብ የቆየሁት ስለ ዩኒፎርም ቀለም በሚለው አንቀጽ ላይ ነበር፤ ይህን ስናገር አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቀጥሎ የሰው ነገር። ከሰባት ሥራ አስፈጻሚ ሦስቱ ለቀዋል። ሁለቱ ውጭ አገር ሄዱ፣ አንዱ የራሱን ፋርማሲ ከፈተ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ደግሞ ትራንስፖርቱም ክትባቱም ከድሮ የነበረ ይመስላቸዋል። አንዷ «ማኅበሩ ግን ምን ሠራልን?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ማኅበሩ ባስገኘው ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጣ። ተናደድኩ፣ በኋላ ግን ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ። ስትቀጠር ስምምነቱን ማን ሰጣት? ማንም። አሁን ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ኮፒ እንሰጣለን፣ ሻይ ጋብዘን አሥር ደቂቃ እናወራዋለን።

ሦስተኛው ወሬ ነው፣ ግን ከበድ ያለ ወሬ። ጽዳትና ጥበቃው ለኤጀንሲ ሊሰጥ ነው እየተባለ ነው። ከሆነ ቀጣሪያቸው ሌላ ይሆናል፣ ከማኅበራችንም ይወጣሉ። ግማሽ ጉልበታችን በአንድ ውል ይሄዳል ማለት ነው። ይህ አጀንዳ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ተከራከርን፤ መፍትሔ አገኘን ብዬ አልዋሻችሁም። በሚቀጥለው ድርድር የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲሆን ብቻ ነው የተስማማነው።

አራተኛው እንደገና ቀን ነው። ስምምነታችን ኅዳር 2019 ያበቃል። ሕጉ ከማብቂያው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ አዲስ ድርድር ጀምሩ ይላል፤ ነሐሴ ማለት ነው። ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካልተቋጨ ደግሞ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ሥራ ላይ መዋላቸው ይቀራል። ትራንስፖርቱ፣ ክትባቱ፣ ሁሉም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ አንዴ የተፈረመ ነገር ዝም ብሎ የሚኖር መስሏቸው ነበር።

ከዚያ የማን ተራ ምን እንደሆነ ተከፋፈልን። የላቦራቶሪው ልጅ የዋጋ ንጽጽሩን ይሠራል። ካርድ ክፍል ያለው ወንድማችን የሦስት ዓመቱን የትርፍ ሰዓት መዝገብ ይሰበስባል። እኔ ረቂቁን እጽፋለሁ፣ ሰኔ ላይ ለአባላት ይነበባል። የድርድር ጥያቄውን ደብዳቤ ነሐሴ መጀመሪያ ማን ያስገባል ሲባል፣ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያቺ ቢሮ መግባት አሁንም ታስፈራለች።

እትዬ አሁን ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን አወጡ።

«እኔ እወስደዋለሁ። በየቀኑ የምጠርገው ቢሮ አይደል እንዴ?» አሉ። ቁጭ ካሉ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ጨመሩ፦ «ልጄ፣ ሁለት ኮፒ አርጊልኝ። አንዱ ላይ ቀኑን ሳያስመቱልኝ አልወጣም።»